በየቀኑ ደብቄ የምይዘው ትንሽ ሽጉጥ፣ የቱን ልግዛ? (ቨርጂኒያ)

የአሌክሳንድሪያው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሌክሳንድሪያ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ። የምዘጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ የቀኑን ገንዘብ ይዤ መኪናዬ ድረስ የምሄደውም ብቻዬን። ሰፈሩ ክፉ አይደለም፣ ግን በቅርቡ አጠገቤ ያለ ሱቅ ተዘርፎ ባለቤቴ እንቅልፍ አጣች። እናም ኮርሱን ወሰድኩ፣ የኮንሲልድ (ደብቆ የመያዝ) ፈቃድ ማመልከቻዬንም ሰርኪት ኮርት አስገብቼ እየጠበቅኩ ነው።

የቸገረኝ ምርጫው ነው። ቀጭን ነኝ፣ ቁመቴም አጭር ነው፣ በሰመር ከቲሸርት ሌላ አልለብስም። ያየኋቸው ግሎክ 19፣ ግሎክ 43ኤክስ እና ሲግ ፒ365 ናቸው። ግሎክ 19ኙ እጄ ላይ በጣም ተመቸኝ፣ ግን ወገቤ ላይ ሳስበው ጡብ ታጥቄ የምሄድ ነው የሚመስለኝ። ፒ365 የት እንደገባ እንኳን አይታይም፣ ትንሿ ጣቴ ግን መያዣ አጣች። አጎቴ በበኩሉ “ሪቮልቨር ግዛ፣ አይነክስም” እያለ ያደርቀኛል። የምትይዙ ሰዎች፣ ምን ይዛችሁ ነው የምትውሉት? ደግሞ እሁድ የማስቀድሰው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እዚያስ ነገሩ እንዴት ነው?

ባለሬንጁ፦

ከሶስቱ የትኛውንም ብትገዛ አትከስርም። ሁሉም 9 ሚሊ ናቸው፣ ጥይቱ የትም ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል። ስለዚህ የትኛው ይበልጣል የሚለውን ተወውና ጠዋት ስወጣ ቤት ጥዬው የማልሄደው የቱ ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። ትልቁን ገዝቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያ ውስጥ የሚከተው ሰው ብዛቱ!

ሰው ሁሉ የሚያስቸግረው የአፈሙዙ ርዝመት ይመስለዋል። አይደለም። አፈሙዙ ሱሪ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ቢረዝምም አይታይም፣ እንዲያውም ረዘም ሲል ሽጉጡ ወደ ውጭ እንዳይዘነበል ይረዳል። ልብስ ላይ የሚያሳብቅብህ እጀታው ነው፣ በተለይ ጎንበስ ስትል። ከዚያ ውፍረቱ። ግሎክ 19 3.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ 43ኤክስ 2.8፣ ፒ365 ከሁለቱም ይሳሳል። ክብደቱም ቢሆን 19ኙ ጥይት ሲሞላ 850 ግራም አካባቢ ይገባል፣ 15 ጥይት ስለሚይዝ። 43ኤክስ እጀታው ከ19ኙ ብዙም አያጥርም፣ ቀጭን ስለሆነ ነው የሚደበቀው፣ የሚይዘው ደግሞ 10 ነው።

ፒ365 በ2018 ሲወጣ ገበያውን የገለበጠው በዚያች ሚጢጢ አካል ውስጥ 10 ጥይት ማሸግ በመቻሉ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቀጭን ሽጉጥ 6፣ ቢበዛ 7 ወይም 8 ነበር የሚይዘው። የትንሿን ጣት ነገር ባለ 12 ካዝናው (ጥይት መያዣው) ይፈታልሃል፣ ወይም ትንሽ ከፍ የሚለውን ፒ365 ኤክስኤል እየው። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሽጉጥ እያነሰና እየቀለለ ሲሄድ ይራገጣል። ሱቅ ውስጥ እጅ ላይ መመቸቱ ስለ ተኩሱ ምንም አይነግርህም። ሽጉጥ የሚያከራይ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ) ሂድና ሶስቱንም ተከራይ፣ በእያንዳንዱ አንድ ፓኮ፣ 50 ጥይት ተኩስ። መጨረሻ ላይ እጅህ ሳይዝል ኢላማህ ያልተበተነበትን ግዛ።

አጎትህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ሪቮልቨር ቀላል ነገር ነው። ግን ትንንሾቹ ባለ 5 ጥይት ናቸው፣ ምላጫቸው ረጅምና ከባድ ነው፣ ማነጣጠሪያቸውም ቁንጽል። ለጀማሪ ቀላል ይመስላል እንጂ አሪፍ አድርጎ መተኮሱ ከሁሉም ይከብዳል።

ጋሽ_ዳላስ፦

አገር ቤት ማካሮቭ ነበር የምንይዘው፣ 8 ጥይት፣ ሙሉ ብረት፣ በዚያ ላይ አስተማማኝ። ማካሮቭም 9 ሚሊ ነው ተብሎ እዚህ የሚሸጠውን 9 ሚሊ ጥይት የሚገዛለት አይታችሁ ከሆነ አስቁሙት፤ የሱ 9 በ18 ነው፣ ይሄኛው 9 በ19፣ አይገጥሙም። እዚህ ቴክሳስ ከ2021 ወዲህ 21 ዓመት የሞላውና ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ መያዝ ይችላል፤ እኔ ግን ፈቃዱን አልጣልኩትም፣ ሌላ ስቴት ስሄድ ይጠቅመኛል። ግሎክ 19 ነው የምይዘው፣ ሸሚዝ ከላይ ስለምደርብ ችግር የለብኝም። ልጄ፣ ምክሬ ይቺ ናት፦ እንዳገር ቤቱ ካዝናውን አጉርስና ሳታቀባብል ያዝ። ግሎክ እንደሆነ በጣት የሚገፋ ሴፍቲ (መቆለፊያ) የለውም።

ባለሬንጁ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው በሁለት እርምጃ ላይ ቆሞብህ፣ አንዱ እጅህ የገንዘብ ቦርሳ ይዞ፣ አቀባብለህ ትደርሳለህ? ግሎክ የሚገፋ ሴፍቲ ባይኖረውም ምላጩ ካልተሳበ እንዳይተኩስ ውስጡ ሶስት መከላከያ አለው። አደጋው የሚመጣው ምላጩ ላይ ነገር ሲገባ ነው፤ ጣት፣ የጃኬት ገመድ፣ የላላ የጨርቅ ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር)። ስለዚህ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ ጠንካራ የካይዴክስ (የፕላስቲክ) ሆልስተርና ደንዳና ቀበቶ። ለሽጉጡ 550 ዶላር ከፍሎ ለሆልስተሩ 15 ዶላር የሚሰስተውን ሰው አይገባኝም። ሆልስተሩን ከሱሪህ ጋር አብረህ አውጣው አስገባው፣ ሽጉጡን ብቻውን ወገብህ ላይ እያየህ መሰካት ነው እግር የሚያስመታው። ሴፍቲ ካልኖረ ልቤ አያርፍም የሚል ሰው ፒ365ም ሆነ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ፕላስ ሴፍቲ ያለው አለላቸው።

ናይት_ሺፍት፦

ሴቶችም እዚህ አለን እኮ :) ለአሌክሳንድሪያው ባይሆንም ለሚስቱ ይጠቅማታል ብዬ ነው። ማቀባበሉ ለሚከብደው ሰው ሺልድ ኢዜድ የሚባለው አለ፣ ስፕሪንጉ ለስላሳ ነው፣ ካዝናውንም መሙላት ጣት አይልጥም። ከሌሎቹ ትንሽ ገዘፍ ይላል እንጂ እኔ ተመችቶኛል። እጄ ትንሽ ስለሆነች ሻጩ ወዲያው ሚጢጢዋን ባለ 380 ጥይት ሽጉጥ ሊያሸክመኝ ነበር፣ ሴት ሁሉ ትንሽ ሽጉጥ ነው የሚገባት ያለው ማነው? ትንሿ ናት ይበልጥ የምትራገጠው።

ቦርሳ ውስጥ የምትይዙ እህቶች ካላችሁ፣ ከቁልፍና ከቻርጀር ጋር ቀላቅላችሁ አይደለም። ለብቻው ኪስና ሆልስተር ያለው ቦርሳ አለ። እሱም ቢሆን ከትከሻ የሚወርድ ነገር ነው፤ ቦርሳውን ሬስቶራንት ወንበር ላይ ሰቅለሽ ወደ ሽንት ቤት ሄድሽ ማለት ሽጉጡን ለሰው ትተሽ ሄድሽ ማለት ነው። ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ በኮድ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ሳጥን ሳይኖር ባይገዛ ይሻላል። ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጫለሁ የሚሉኝ አሉ። ልጅ የማይወጣው ቁም ሳጥን የታለ?

ወረቀት_ይቅደም፦

ሁላችሁም ስለ ሽጉጡ ብቻ ታወራላችሁ፣ የልጁ ዋና ጥያቄ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሜሪላንድም ዲሲም አይሠራም። አይሠራም! ከአሌክሳንድሪያ ድልድዩን ተሻግረህ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርስ ወገብህ ላይ ያለው ነገር ወንጀል ነው። ሜሪላንድም ዲሲም ነዋሪ ላልሆነ ሰው በየራሳቸው ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ግን የየራሳቸውን ቢያንስ 16 ሰዓት ስልጠና ይፈልጋሉ። እሱን እስክታወጣ እሁድ ቤትህ ሳጥን ውስጥ ቆልፈህ ሂድ፤ ቤተ ክርስቲያን ምን ሊሠራልህ።

ግሪን ካርድ ከሆንክ ደግሞ ይሄን ደጋግመህ አንብብ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛትም ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ ማውጣትም ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በፌዴራል ሕግ አይችልም፣ አሳይለም ጠይቆ የሚጠብቅ ሰውም ጠበቃውን ሳያማክር እንዳይነካ። እና ዜጋ ያልሆነ ሰው በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ሌላው ቅጣት ከፍሎ የሚገላገለው ነገር አንተን አዲስ አበባ ያደርስሃል።

ሌላም አለ፣ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው። ስትገዛ የምትሞላው ፎርም 4473 ሕገ ወጥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ዕፅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ባህላችን ነው ምናምን የሚባለውን ፎርሙ አያውቅም። ውሸት መሙላት ራሱ ሌላ ወንጀል ነው። የሚቅም ሰው አይግዛ፣ አለቀ።

የአሌክሳንድሪያው፦

ወረቀት ይቅደም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግሪን ካርድ ነኝ፣ ጫት ደርሼበት አላውቅም። የሜሪላንዱን እንዲህ አጥብቆ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም አንዱ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም ብሎኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ ግን ፈቃዱ እስኪመጣ መያዝ እችላለሁ?

ወረቀት_ይቅደም፦

የራስህ ሱቅ ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ ደብቀህ ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግህም፣ ሕጉ ለራስ መኖሪያና ለራስ የንግድ ቤት ይፈቅዳል። ተቀጣሪህ ግን በዚህ አይሸፈንም። ከበሩ ወጥተህ ወደ መኪናህ ስትሄድ ነው ፈቃዱ የሚያስፈልግህ። ፍርድ ቤቱ 45 ቀን አለው፣ ሲመጣ ለ5 ዓመት ነው። መኪና ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም ያለህ ጓደኛህ ሜሪላንድ ላይ ጠበቃ ቢይዝልህ ጥሩ ነው። እዚያ በመኪና ሲጓጓዝም ጥይት የሌለበት፣ ሳጥን ውስጥ የታሸገ ሆኖ፣ ያውም ሕጉ ለጠቀሳቸው ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ሬንጅ መሄድ፣ ማስጠገን፣ እንደዚያ ያለ። ቅዳሴ የለበትም። ደግሞ ማታ ሀበሻ ሬስቶራንት ጎራ ስትል አንድ ቢራ እንኳን እንዳትቀምስ። ቨርጂኒያ አልኮል የሚሸጥ ቤት ውስጥ ደብቆ የያዘ ሰው መጠጣት አይችልም።

ኡበር_ነጂ፦

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው፣ ሆድ በኩል የሚታሰረውን ማንም እንዳያስገዛችሁ፣ ሲቀመጡ ይወጋል። ይልቅ በጎን፣ ከቀኝ ዳሌ አጥንት ኋላ። እኔ ራሴ የምይዘው ሥራ ላይ ሳልሆን ነው፣ ኡበርም ሊፍትም ሾፌር መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅዱም፣ ካወቁ አካውንትህን ይዘጉታል።

እውነቱን ለመናገር ግን ወንድሜ፣ ማታ 4 ሰዓት ገንዘብ ይዞ ብቻን መውጣት ነው ያንተ ችግር። የዘራፊ ሽጉጥ መጀመሪያ ከወጣ ያንተ ፒ365 ሸሚዝ ስር ሆኖ ምን ያደርጋል? ቢመጡብህ ስጣቸው። ገንዘቡን ቀን ለቀን፣ ሰዓት እየቀያየርክ ባንክ አስገባ፣ ለማታው ደግሞ በቀዳዳ የሚከተትበት፣ አንተም ልትከፍተው የማትችለው ዓይነት ካዝና ሱቅህ ውስጥ አስተክል፤ በሩ ላይም በትልቁ ጻፈው። እሱን ካደረግክ በኋላ የፈለግከውን ግዛ።

ባለሬንጁ፦

በዚህ እስማማለሁ። ስልጠና ላይም የምንለው ይሄንኑ ነው፣ ለገንዘብ ተብሎ አይመዘዝም።

የአሌክሳንድሪያው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በቀዳዳ የሚከተትበትን ካዝና ዛሬውኑ ዋጋ ጠየቅኩ። ቅዳሜ 43ኤክስና ፒ365 ኤክስኤልን ልከራይ ነው፣ 19ኙን ትቼዋለሁ፣ እንደ ጋሽ ዳላስ ሸሚዝ የምደርብ ሰው አይደለሁም። አንድ ነገር ሳልነግራችሁ፣ ግራኝ ነኝ። ለውጥ አለው?

ባለሬንጁ፦

ይሄንን አሁን ነው የምትነግረን? :) አለው እንጂ። ሁለቱም ላይ ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍ ተፈትቶ በሌላው በኩል ይገባል፣ ሻጩን ብታዝዘው እዚያው ይቀይርልሃል። ባዶው ቀለሃ ወደ ቀኝ ነው የሚወረወረው፣ በግራ ስትተኩስ ፊትህ ፊት ያልፋል፣ ሬንጅ ላይ መነጽርህን አታውልቅ። የግራ ሆልስተር ደግሞ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ብዙ አታገኝም፣ በትእዛዝ ነው፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ሽጉጡን በመረጥክ ቀን እዘዘው፣ እሱ እስኪመጣ በቀኝ ሆልስተር እንዳትሞክር።