ከዘመቻ ስመለስ ማሳዬን አቀንጭራ ወርሶት አገኘሁት

ማሳዬ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ዘምቼ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ተመለስኩ። እኔ በሌለሁበት ዘመዶቼ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ በየዓመቱ ማሽላ እየዘሩ ቤቴን አኖሩልኝ። መሬቱን ግን አቀንጭራ የሚባለው አረም ወረሰው። ሐምራዊ አበባውን ላየው ያምራል፤ ሥሩ ሲቆፈር ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ሲመጠው ይገኛል። ዝናብ እያለ ማሽላው ይጠወልጋል።

በእጅ ነቀልኩት። ጉልበቴ ቆስሎ ስለነበር ማጎንበስ ይከብደኛል፤ ደግሞም ከአፈር ብቅ ሲል ጉዳቱን አድርሷል። ፍግ ጨመርኩ፣ ትንሽ ተሻለው። ኦቾሎኒ ሲዘራ የአቀንጭራው ዘር በቅሎ የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ማሽላዎችም ይቋቋሙታል። ሙሉውን ኦቾሎኒ ካደረግኩት ግን ልጆቼ ምን ይበላሉ?

የሞከራችሁ ንገሩኝ፦ ግማሹን ኦቾሎኒ፣ ግማሹን ጎቢዬ እየዘራሁ በየዓመቱ ባቀያይር አቀንጭራው ይለቀኛል?