ክርክር፦ አደጋ የተደጋገመበት ዕለት የልምምድ ቀን ሆኖ መቀጠል አለበት?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄያችን መነሻ ሜክሲኮ ናት። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ17 ላይ መጠኑ 8.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ክፉኛ ጎዳ፤ አገሪቱም ዕለቱን የመታሰቢያና የአገር አቀፍ ልምምድ ቀን አደረገችው። በ2017 በዚያው ዕለት ልምምዱ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከተካሄደ በኋላ 7 ሰዓት ከ14 ሲሆን መጠኑ 7.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በ2022ም በዚያው ዕለት ልምምዱ ካበቃ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ 7.7 የሆነ ሌላ መንቀጥቀጥ ተከተለ። ብዙ ሰው ዕለቱን ገደ ቢስ ብሎታል፤ ልምምዱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር የሚሉም አሉ። እንግዲህ የተደጋገመው ዕለት ለዝግጅት ይጠቅማል ወይስ አጉል እምነትን ያጠናክራል? የምንጠቅሳቸው ቀኖች፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀን ጠባቂ፦
ዕለቱ መጠበቅ አለበት የሚል አቋም ይዤ እጀምራለሁ። ሰው አደጋን የሚያስታውሰው በቀኑ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ይደነግጣል፣ የደነገጠም ሰው ይዘጋጃል። ጃፓን በ1923 ሴፕቴምበር 1 ቀን በቶኪዮና በዮኮሃማ 105,000 ያህል ሰው ያለቀበትን መንቀጥቀጥ ይዛ ዕለቱን ከ1960 ጀምሮ የአደጋ መከላከል ቀን አድርጋዋለች፤ ይህን አጉል እምነት የሚለው አላጋጠመኝም። ደግሞም መደጋገሙ ሜክሲኮ ላይ ብቻ አይቆምም። ማርች 27 በ1964 የአላስካው መንቀጥቀጥ፣ በ1977 583 ሰዎች ያለቁበት የቴኔሪፍ የአውሮፕላኖች ግጭት፣ በ1980 ደግሞ 123 ሠራተኞች የሞቱበት በሰሜን ባሕር የነበረው የአሌክሳንደር ሼላን የነዳጅ ሠራተኞች መድረክ መገልበጥ የደረሰበት ዕለት ነው። ኦገስት 12ም እንዲሁ በ1985 520 ሰዎች የሞቱበትን የጃፓን አውሮፕላን፣ በ2000 118 መርከበኞችን ይዞ የሰጠመውን ኩርስክ ሰርጓጅ መርከብ፣ በ2015 የቻይናዋን ከተማ የቲያንጂንን ፍንዳታ አስተናግዷል። ቀኑ መርገም አለበት ማለቴ አይደለም፤ ይህን የመሰለ ዝርዝር ግን ሰውን ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

የሒሳብ መምህር፦
ወንድሜ፣ ዝርዝርዎ እውነት ነው፤ ችግሩ በማንኛውም ቀን እንዲህ ያለ ዝርዝር መሥራት መቻሉ ነው። በአንድ ክፍል 23 ሰዎች ቢሰበሰቡ ከመካከላቸው ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ ሦስት ሰዎች እንዲገጥሙ ደግሞ 88 ይበቃሉ። ታሪክ የመዘገባቸው ትልልቅ አደጋዎች ከ88 እጅግ ስለሚበዙ በዓመቱ ውስጥ ምንም ያልደረሰበት ቀን ብናገኝ ነበር መደነቅ የሚገባን።

የሜክሲኮው ጠንከር ያለ ጉዳይ መሆኑን አልክድም። ሦስት መንቀጥቀጦችን አስቀድመን መርጠን በአንድ ቀን ይውሉ እንደሆነ ብንጠይቅ ዕድሉ ከ133,225 አንድ ነው። ነገር ግን ማንም አስቀድሞ አልመረጣቸውም፤ ከገጠሙ በኋላ ነው ወደ ኋላ ተመልሰን የቆጠርነው። ያልገጠሙትን፣ ማለትም በጁንና በጃንዋሪ የደረሱትን የዚያችኑ አገር ትልልቅ መንቀጥቀጦች፣ ማን ያነሣቸዋል?

ታዛቢ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በኢራን ባም ከተማ ከ26,000 በላይ ሰዎች የሞቱበት መንቀጥቀጥ ዲሴምበር 26 ቀን 2003፣ የሕንድ ውቅያኖሱ ሱናሚ ደግሞ ልክ በዓመቱ ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ነው የደረሱት። በእኛ አቆጣጠር ግን የመጀመሪያው ታኅሣሥ 16 ቀን 1996፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ፌብሩዋሪ 29 በመካከል ስለገባች መግጠሙ ቀረ። የአላስካውም መንቀጥቀጥ በአካባቢው ሰዓት ማርች 27 አመሻሽ ላይ ቢሆንም በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር ማርች 28 ገብቶ ነበር። በመቁጠሪያ ለውጥ የሚጠፋ ምሥጢር ምን ዓይነት ምሥጢር ነው?

ቀን ጠባቂ፦
የሜክሲኮዎቹ ሦስቱም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 9 ላይ ነው የሚውሉት፤ እነርሱን አላጠፏቸውም።

ታዛቢ፦
ይህስ ልክ ነዎት።

መሐንዲሷ፦
ክርክሩ ዕድል ላይ ብቻ ከቆመ ዋናው ነገር ያመልጠናል። የሜክሲኮዎቹን ሦስት መንቀጥቀጦች ቀኑ ያገናኛቸው እንጂ አፈጣጠራቸው አንድ አይደለም። የ1985ቱና የ2022ቱ በምዕራብ ጠረፍ፣ የኮኮስ የመሬት ንጣፍ በሰሜን አሜሪካ ንጣፍ ሥር በሚገባበት መጋጠሚያ ላይ የተነሡ ናቸው። የ2017ቱ ግን ወደ ታች በሰመጠው ንጣፍ ውስጥ፣ ከዋና ከተማዋ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው የተሰነጠቀው። በዚህም ምክንያት ከጠረፍ ሲመጣ ለከተማው ነዋሪ ጥቂት የመሸሻ ጊዜ የሚሰጠው የማስጠንቀቂያ ደወል በ2017 የጮኸው መሬቱ መንቀጥቀጥ በጀመረበት ቅጽበት አካባቢ ነበር። እኔ የምፈራው ይህን ርቀት ነው፤ የቀን መቁጠሪያው አያስፈራኝም።

በ1985ስ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ከተማዋ ለምን ፈረሰች? የከተማዋ እምብርት የተቆረቆረው በደረቀ ሐይቅ ጭቃ ላይ ነው። ጭቃው ማዕበሉን አጉልቶ፣ በሁለት ሰከንድ ያህል አንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲናወጥ፣ ተፈጥሯዊ ውዝዋዜያቸው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ባለ መካከለኛ ቁመት ሕንፃዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተመቱ፤ አጫጭሮቹ ቤቶች ግን ብዙዎቹ ተርፈዋል። ይህ ጭቃ በሴፕቴምበር 19 ብቻ ሳይሆን በዓመቱ ቀኖች ሁሉ እዚያው አለ። በ2017ም 19 ሕፃናትና 7 አዋቂዎች በሞቱበት ትምህርት ቤት ላይ ከሕግ ውጪ ተጨማሪ ግንባታ ተጭኖበት ነበር።

ቀን ጠባቂ የጠቀሱት የኦገስት 12 ዝርዝርም እንዲሁ ነው። የጃፓኑ አውሮፕላን የወደቀው ከሰባት ዓመት በፊት ጅራቱ መሬት ነክቶ በተጎዳ ጊዜ የኋላ የግፊት መከላከያ ግድግዳው በአግባቡ ስላልተጠገነ ነው፤ በሁለት ረድፍ መያዝ የነበረበት መጋጠሚያ ኃይሉን በአንድ ረድፍ ብሎን ብቻ ተሸክሞ ሲበር ኖረ። ኩርስክን ያፈነዳው ከቶርፒዶ የፈሰሰ ነዳጅ፣ ቲያንጂንን ያቃጠለው በመጋዘን የተከማቸ ኬሚካል ነው። ሦስቱን በአንድ ገጽ ብትደረድሩ አንባቢው የሚይዘው ቀኑን ነው፤ ብሎኑን ረስቶ ይሄዳል።

ጠያቂ፦
ከመሐንዲሷ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ጊዜ ምንም ሚና የለውም ወደሚለው እንዳንንሸራተት። ጊዜ አደጋውን አይጠራም፤ የሟቹን ብዛት ግን ይወስናል። የቶኪዮው መንቀጥቀጥ ለቀትር 2 ደቂቃ ሲቀረው የምሳ እሳት በየቤቱ በተያያዘበት ሰዓት ስለደረሰ ከመፍረሱ ይልቅ ቃጠሎው ፈጀ። ሊዝበን በ1755 ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሲከበር፣ ሕዝቡ በአብያተ ክርስቲያናት ሳለና ሻማው በርቶ ሳለ ተመታች። ባም ሰው በጭቃ ጡብ ቤቱ ተኝቶ ሳለ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ26 ላይ ነው የፈረሰችው። ስለዚህ ከቀኑ ይልቅ ሰዓቱን ብንዘክር የሚሻል ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ቀን የሌላቸው አደጋዎች በዝርዝሩ ከቶ አይገቡም። በ2003 በጋ አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ዕለቱ የትኛው ነው? ድርቅስ በየትኛው ቀን ይታሰባል?

መሐንዲሷ፦
ሲመሉዌ የምትባለውን የኢንዶኔዥያ ደሴት አስቡ። በ1907 ሱናሚ ክፉኛ ከጎዳቸው በኋላ ነዋሪዎቿ ለልጆቻቸው ያወረሱት መሬት በኃይል ሲንቀጠቀጥና ባሕሩ ሲሸሽ ምንም ሳያነሡ ወደ ኮረብታ እንዲሮጡ ነው። በ2004 ደሴቲቱ ለመንቀጥቀጡ መነሻ እጅግ ቅርብ ነበረች፤ ከ70,000 ከሚበልጠው ሕዝቧ የሞቱት ግን ጥቂት ናቸው። ያዳናቸው ምልክቱንና ማድረግ ያለባቸውን ማወቃቸው ነው፤ ዕለቱን ማወቅ አላስፈለጋቸውም።

ቀን ጠባቂ፦
ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን አያት ለልጅ ልጅ የሚነግርበት ደሴት ነው። ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት የከተማ አካባቢ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ፎቅ፣ ማን ለማን ይነግራል? እዚያ የጊዜ ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ሰሌዳ ከተባለ ደግሞ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀውን ቀን ትቶ ሌላ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። በ2017 ከቀትር በኋላ ከሕንፃዎቹ የወጡት ሰዎች የመውጫውን ደረጃ በዚያው ረፋድ ረግጠውት ነበር።

የሒሳብ መምህር፦
በ2017ና በ2022 ግን ዕድል ነው የረዳን፤ ሁለቱም በቀን ብርሃን የመጡ ናቸው። ሜክሲኮ በ2023 በኤፕሪልም አገር አቀፍ ልምምድ ማካሄዷ ለእኔ ከአንድ ዕለት ጥገኝነት የመላቀቅ ምልክት ነው።

ጠያቂ፦
እርሱም ቢሆን ቀኑም ሰዓቱም አስቀድሞ የታወጀ፣ በሥራ ሰዓት የተደረገ ነው። የ1985ቱ በጠዋት፣ ብዙ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ደረሰ። መታሰቢያው በሴፕቴምበር 19 ይቆይ፤ የልምምዱን ሰዓት ግን ከአዘጋጆቹ በቀር ማንም አይወቀው፤ በዓመት አንድ ጊዜም ሌሊት ይደረግ።

ቀን ጠባቂ፦
መታሰቢያው ከቆየ ሌላው ያስማማናል። የሌሊቱ ላይ ግን አልፈርምም፤ በጨለማ ደረጃ ላይ የሚረጋገጡትን አረጋውያን ማን ይጠይቃል?

መሐንዲሷ፦
ሌሊት በሕንፃ በሕንፃ ይጀመር፤ ከተማ ሙሉ አይደለም። የደረጃው መብራት መሥራት አለመሥራቱም ያን ጊዜ ይታያል።