ክርክር፦ ልጆች የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዘው በየቤቱ መዞራቸው ይቅር?

ጥያቄውን ያነሳችው እናት፦
መስከረም 1 በራችን ሲንኳኳ ነው የሚውለው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የሚሰጡን ደግሞ ፎቶ ኮፒ ነው፣ ከለር እንኳን አልነካውም። ብር ካልተሰጠው ከበሩ ንቅንቅ የማይል ልጅም አለ። ለእኔ ይሄ ልመና ነው። ሁላችንም ልጆቻችንን ብንከለክልስ?

አንድ አባት፦
እኔ እደግፋለሁ። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የትኛውን በር ማን እንደሚከፍት አይታወቅም። ልጄ ወጥቶ እስኪመለስ ልቤ አያርፍም። መልካም ምኞት በቴሌግራም ይላካል፣ አለቀ።

የሥዕል መምህር፦
እህቴ፣ ፎቶ ኮፒው እኔንም ያናድደኛል። ግን መከልከል መፍትሔ አይደለም። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ ብር እንሰጣለን፣ ልመና ነው ያለ ሰው የለም። ለቡሄ ሆያ ሆዬ የሚሉትም ድሮ ሙልሙል ይሰጣቸው ነበር፣ ዛሬ ብር ያገኛሉ። ታዲያ ወረቀትና ከለር ይዞ ጳጉሜን ሙሉ አደይ አበባ፣ መልአክ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሲስል የከረመው ልጅ በምን ይለያል? ሠርቶ ነው የመጣው፣ ብሩም ብዙ ጊዜ የደብተር መግዣ ነው። የራሳችን የበዓል ካርድ ይሄ ነው፣ ከውጭ የመጣ አይደለም።

 

ወንድሜ፣ ቴሌግራም ያልከውን ልመልስልህ። ባለፈው በዓል ከደረሱህ ውስጥ ማን የላከውን ታስታውሳለህ? ያው አንድ ፎቶ ነው ከግሩፕ ግሩፕ የሚዞረው፣ ላኪውም ለማን እንደላከው አያውቅም። ድሮ ፖስት ካርድ ሲመጣ፣ ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል አባት ከመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ይዞት ይገባ ነበር፣ ከዚያ ቡፌው መስታወት ላይ ተሰክቶ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሁሉ ያየዋል፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ የላከው ዘመድ ስም ይነሳል። የልጆቹንም ሥዕል እንዲሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የጎረቤት ልጅ ከእናቱ ጋር ቡና ሲመጣ የራሱን ሥዕል ካየ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ከሜሪላንድ፦
እዚህ ልጆቻችን ለፈረንጅ ገና ክፍል ውስጥ ካርድ ይሠራሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ግን በር የሚያንኳኳ ልጅ የለም። እኛ ቤት ነሐሴ ላይ ሥዕል ይስሉና ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስናገኝ ለአያታቸው እንልካለን። አያትየው አንዱንም አልጣሉም። ያላችሁን አትከልክሉ፣ እባካችሁ።

ጥያቄውን ያነሳችው እናት፦
ስለ ቡፌው ያልከው ልክ ነው፣ እናቴም ታደርገው ነበር። ግን ፎቶ ኮፒ ይዞ የመጣውን በበዓል ቀን ባዶ እጁን ልመልሰው? እሱን አልችልም።

የሥዕል መምህር፦
አትመልሺው። ብሩን ስጪው፣ ግን ባዶ ወረቀትና ከለር አቀብለሽ እዚያው በረንዳ ላይ አንዲት አበባ እንዲስልልሽ ጠይቂው። ሞክሬዋለሁ፣ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚቀመጡት።

አንድ አባት፦
እሺ፣ ይሳል። የእኔው ግን ከታላቅ እህቱ ጋር፣ ከብሎካችን ሳይወጣ ነው የሚዞረው። በዚህ አልደራደርም።