የራሳችንን ሂሳብ ሳንከፍት የመንግሥትን መጠየቅ እንችላለን?

ቆጣሪው፦
ሰላም ወገኖች። በምእመንነት ባለሁበት ቤተ እምነት የገንዘብ ቆጠራ ኮሚቴ አባል ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሙስናን የሚያወግዝ መግለጫ እንዳረቅቅ ተሰጠኝ። ጻፍኩት። «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው» የምትል ዓረፍተ ነገርም አስገባሁ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። የኛ ሂሳብ ለምእመኑ ከተነበበ እኮ ሦስት ዓመት አልፎታል! ተሰረቀ አላልኩም። ግን ሰነዱን ሳላይ በምን ልማል? ስጠይቅ «እምነት የለህም እንዴ?» ተባልኩ። በፈጣሪ አምናለሁ፤ በገንዘብ ጉዳይ ግን የማምነው ደረሰኝ ነው። መግለጫውን ላውጣው ወይስ ልተወው?

ዳር ተመልካች፦
ወንድሜ፣ አትተወው። ንጹሕ እስክንሆን ከጠበቅን ማን ሊናገር ነው? ማላዊን ተመልከት። የካቶሊክ ጳጳሳት የጻፉት ደብዳቤ እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1992 እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑ ተነበበ። የአገሪቱ መሪ ሄስቲንግስ ባንዳ ያኔ የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት ናቸው። ደብዳቤው ስለ ሥልጣን ብቻ አላወራም። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ሕክምናው፣ ስለ ደመወዙም አነሳ። ሰሚው የራሱን ኑሮ ሰማ። ጳጳሳቱን ፖሊስ ጠርቶ መረመራቸው። በኋላ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትና ሙስሊሞችም አብረው ቆሙ። በ1993 ሕዝበ ውሳኔ የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ተሸነፈ።

ጠርጣራው፦
ማላዊስ እሺ። ሩዋንዳስ? የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ለዓመታት የገዥው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። እዚያ ከተቀመጡ በኋላ ማንን ይገሥጻሉ? እ.ኤ.አ. በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ስንት ሰው በተጠለለበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ። እና ቆጣሪው፣ እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፦ ከመግለጫው ፈራሚዎች መሃል ከባለሥልጣን ውለታ የተቀበለ አለ? ካለ ባታወጣው ይሻላል።

ቆጣሪው፦
ተባረኩ። የጠርጣራው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፤ መልሱን በእርግጠኝነት አላውቅም። እናም መግለጫው መጀመሪያ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ «የሦስት ዓመት ሂሳባችንን በውጭ ኦዲተር አስመርምረን ለምእመኑ እናነባለን። ከባለሥልጣን የተቀበልነው ስጦታ ካለም እንገልጻለን።» ኮሚቴው የቀረውን ወደደው። ያቺን አንቀጽ ግን «ለጊዜው ትቆየን» አሉ። እሷ ከወጣች የኔም ስም ይውጣ አልኩ። ሰኞ እንሰበሰባለን።