ሌጀንዱ «ሲሪስ1» ይለኛል፤ ፓይተን ላይ ደግሞ አንዱ መስመር ስሙ ጠፋ

ዝናብ ቆጣሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጽሑፌ የኮምቦልቻን፣ የደብረ ብርሃንንና የባሕር ዳርን ወርሃዊ ዝናብ በአንድ ግራፍ እያወጣሁ ነው። መጀመሪያ በኤክሴል ሠራሁት። ሌጀንዱ (የትኛው መስመር የማን እንደሆነ የሚያሳየው ሳጥን) «ሲሪስ1፣ ሲሪስ2፣ ሲሪስ3» ይላል። ሳላስተውል አስገባሁት። አማካሪዬ «የትኛው የማን ነው?» ብለው መለሱልኝ። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወደ ፓይተን ዞርኩ፤ ግራፍ በሚስለው ላይብረሪ፣ በማትፕሎትሊብ። ሦስቱም መስመሮች ይታያሉ፤ ሌጀንዱ ውስጥ ግን ኮምቦልቻ የለም። ስሙን የሚወስደው ከዓምዱ ርዕስ ነው፤ ኮዱም ለሦስቱም አንድ ነው። ቅዳሜ ማስረከብ አለብኝ፤ እባካችሁ።

ኮድ ወዳድ፦
እህቴ፣ የኮምቦልቻ ዓምድ ርዕስ በምን ይጀምራል? አንደርስኮር (_) አለው?

ዝናብ ቆጣሪዋ፦
አዎ! ዳታ የሌላቸው ወራት ስላሉት፣ ምልክት እንዲሆነኝ ብዬ ከፊቱ አድርጌበታለሁ።

ኮድ ወዳድ፦
በቃ እሱ ነው። ማትፕሎትሊብ በአንደርስኮር የሚጀምርን ሌብል (የመስመር ስም) ሆን ብሎ ከሌጀንድ ያስቀረዋል። ስም ያልሰጠሽውን መስመር ራሱ «_ቻይልድ0»፣ «_ቻይልድ1» እያለ ይሰይመዋል። እነዚህ እንዳይታዩ ነው እንዲህ የሚያደርገው። አንደርስኮሩን አንሺና ኮዱን እንደገና ራን አድርጊው።

የስታት መምህር፦
ኤክሴል ላይ ቁጥሮቹን ብቻ መርጠሽ ይሆናል። የርዕሱን ረድፍም ጨምረሽ ምረጪ። የተሠራውን ለማስተካከል ቻርቱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ሰሌክት ዳታ፣ ከዚያ ኤዲት። ሲሪስ ኔም በሚለው ቦታ ርዕሱ ያለበትን ሴል ጠቁሚ እንጂ በእጅሽ አትጻፊ። ሴሉ ሲቀየር ሌጀንዱም አብሮ ይቀየራል። ደግሞ ርዕሶችሽ ዓመታት ከሆኑ፣ ለምሳሌ 2014፣ 2015፣ ኤክሴል እንደ ዳታ ቆጥሮ ሊስላቸው ይችላል። ከላይ በግራ ጥግ ያለውን ሴል ባዶ ተዪው።

እኔን የሚያናድዱኝ ግን ሶፍትዌሮቹ ናቸው። ሌሎቹ ግራፍ መሳያዎችም ያው ናቸው፤ ማትላብም «ዳታ1» ይላል፣ ፕሎትሊም «ትሬስ 0»። ይህ ስም ይመስላል እንጂ ስም አይደለም። ስም ስለሚመስልም ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስንት የተማሪ ጽሑፍ ላይ አይቼዋለሁ! ዓምዱ ርዕስ ካለው እሱን ይውሰድ፤ ከሌለው ባዶ ይተወው።

ኮድ ወዳድ፦
መምህር፣ ባዶ መተውም ይጎዳል። የእህታችንን ይመልከቱ። መስመሩ ተስሏል፣ ስሙ ግን የለም። ሃምሳ መስመር ቢሆን ኖሮ አንዱ መጉደሉን ማን ያይ ነበር?

የድሮ ግኑፕሎት፦
ግኑፕሎት የሚባለው ግራፍ መሳያ ስም ካልሰጡት የፋይሉን ስምና የዓምዱን ቁጥር እንዳለ ይጽፋል። አያምርም። ግን መስመሩ ከየት እንደመጣ በትክክል ይናገራል። ስለማያምርም ማንም እንዲሁ አያስረክበውም። ለእኔ ትክክለኛው ዲፎልት (ካልነኩት በራሱ የሚሆነው) ይሄ ነው።

የስታት መምህር፦
ይህን እቀበላለሁ። እውነት የሚናገር አስቀያሚ ስም ከ«ሲሪስ1» ይሻላል።

ዝናብ ቆጣሪዋ፦
ኮምቦልቻ መጣ! ተባረኩ። አሁን ደግሞ ስሞቹን ወደ አማርኛ ስቀይራቸው ባዶ ሳጥን ሆኑብኝ።

ኮድ ወዳድ፦
የማትፕሎትሊብ ዲፎልት ፎንት ዴጃቩ ሳንስ ነው፤ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫኚና ፎንት ፋሚሊ ላይ ስሙን ስጪው። ቨርዥንሽ 3.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱንም ፎንት በዝርዝር መስጠት ትችያለሽ፤ አንዱ የሌለውን ፊደል ከሌላው ይወስዳል። አደራ፣ ኮምቦልቻ ላይ የጎደሉትን ወራት ከግራፉ ሥር በአንድ መስመር ጻፊ። አንደርስኮሩ ሲነሣ ምልክትሽም አብሮ ሄዷል።