ለጓደኝነት አምባር የቱ ክር ይሻላል?

የጓደኝነት አምባር፣ ማለትም ክር በክር ላይ እየተቋጠረ ለጓደኛ የሚሠራውን የእጅ አምባር፣ መሥራት ለምትጀምሩ አንድ ጥቆማ አለኝ። መቶ ቀለም የታጨቀበትን ትልቅ ፓኬት ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥቅል ብቻ ግዙና ቋጥሩበት። የክር ጥሩነት ቋጠሮ ላይ ነው የሚታወቀው።

ጥልፍ ላይ ክሩ ጨርቁን ወግቶ ያልፍና ያርፋል። አምባር ላይ ግን እረፍት የለውም። እያንዳንዷ ነጥብ ሁለት ጊዜ ተጠምጥማ የጠበቀች ቋጠሮ ናት፤ አንድ አምባር ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቋጠሮዎች በመቶ ይቆጠራሉ። ክሩ በእያንዳንዷ ይሳባል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይፋተጋል፣ የጣታችንን ላብም ይጠጣል። ለጥልፍ ምንም የማይለው ክር እዚህ ሲመጣ ጉዱ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ለቅርብ ጓደኛዬ ቀይና ነጭ አምባር ሠራሁላት። ክሩ የድርጅት ስም የሌለው ነበር። ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል። ባሰረችው ቀን እጇን ስትታጠብ ቀዩ ለቀቀና ነጩ በሙሉ ሮዝ ሆነ። እሷ አላወለቀችውም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ሐምራዊ ክር ሳልሞክር አልጀምርም። ሙከራው ቀላል ነው። ጣት የሚያህል ክር በለብ ያለ ውኃ አርሱ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫን አድርጉት፣ እስኪደርቅ ተዉት። ጨርቁ ላይ ቀለም ካገኛችሁ ያንን ክር ከነጭ ጋር አታጋቡት።

አሁን ወደ ምርጫው። እኔ በመጀመሪያ የምጠቁመው ዲኤምሲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በምትገኘው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ክር አምራች ድርጅት ነው። የታወቀው የጥልፍ ክሩ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ የሆኑበት ነው፤ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ጥጥ ነው፣ መርሰራይዝድም ነው። ይህ ቃል ወረቀቱ ላይ ካለ ደስ ይበላችሁ። ጥጡ በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አልፏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ጭረቱ ያብጥና ይጠነክራል፣ ቀለም በደንብ ይይዛል፣ ወዝም ያወጣል። ዲኤምሲ ላይ የምወደው ግን ከሁሉ በላይ እኩልነቱን ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ቋጠሮዎቹ እንደ ጥርስ ተስተካክለው ይደረደራሉ።

አንከር የሚባለው ሌላ ድርጅት ክርም ከዚህ ብዙም አይርቅም። እሱም ጥጥ ነው፣ ስድስት ክር ነው፣ 8 ሜትር ነው። ከሁለቱ የቀለለላችሁን ብታነሱ አትቆጩም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ የቀለም ቁጥራቸው አይገናኝም። የዲኤምሲ ጥቁር 310 ነው፣ የአንከር ጥቁር 403። ሥራው መሐል ላይ ክር አልቆባችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ብትዘሉ ልዩነቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። የጃፓኑ ኮስሞም ጥሩ ክር ነው፤ ለእጅ ለስለስ ይላል። ካገኛችሁት ሞክሩት።

ስድስቱን ክር አትለያዩ። ብዙ ጀማሪ ለጥልፍ እንደሚደረገው ይሰነጥቀዋል፤ አምባሩ ቀጥኖ ይቀራል፣ ሥራውም አያልቅም። ስድስቱም አንድ ላይ ይሂዱ።

ልጆችን ለምታስተምሩ ግን ምርጫዬ ሌላ ነው፤ ፐርል ኮተን ቁጥር 5። ይህ ክር ከርሮ የተገመደ ስለሆነ አይሰነጠቅም። የልጅ ጣት ስድስቱን ክር ሲይዝ አንዱ ያመልጥና ቋጠሮው ላይ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ፐርል ላይ ያ ጣጣ የለም። ቋጠሮው ክብ ሆኖ ጎልቶ ይታያል፣ ሲሳሳቱም በመርፌ ጫፍ ለመፍታት አያስቸግርም። ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ እንደሚቀጥን ልብ በሉ፤ 8 ከ5 ይቀጥናል፣ 3 ደግሞ ይወፍራል።

ሬዮን ወይም ሳቲን የሚባለውን ለአምባር አልመክርም። ማማሩን ያምራል፤ ግን ሙልጭልጭ ነው፣ የቋጠሩት ተመልሶ ይላላል። ብረት መሳይ አብረቅራቂውም ይሻክራል፣ ጫፉም ቶሎ ይበተናል። ከወደዳችሁት አንድ መስመር ብቻ አስገቡ።

ስም የሌላቸውን ትልልቅ ፓኬቶች ሁሉ መጥፎ ናቸው አልልም። ቋጠሮ ለመለማመድ ይበቃሉ። ብዙዎቹ ግን ጥጥ ተብለው ፖሊስተር ሆነው ይገኛሉ። ለመለየት አጭር ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ውኃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር እንክብል ይተዋል።

ዋናው ሙከራ ግን ቋጠሮው ነው። አንድ ክንድ ያህል ቁረጡ። አንድ ቋጠሮ አጥብቃችሁ ሳቡ፣ በመርፌ ፍቱት፣ እዚያው ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ እዩት። ደህናው ክር ትንሽ ይጨማደዳል እንጂ አካሉ ይኖራል። መናኛው ጸጉር ያወጣል፣ ይሳሳል፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ላይ ይበጠሳል። አምባሩ ከሳምንት በኋላ ምን እንደሚመስል ያኔውኑ ታያላችሁ።

ስንት ልግዛ ለምትሉ፦ በስድስት ቀለም የቀስት ቅርጽ ያለው አምባር ስትሠሩ ከየቀለሙ 2 ሜትር ገደማ ቆርጣችሁ ለሁለት ታጥፋላችሁ። ስለዚህ 8 ሜትሩ ለአራት አምባር ይደርሳል። ስም ወይም ፊደል የምትጽፉ ከሆነ ግን የመደቡ ክር ብዙ ይበላል፤ ለመደቡ ቀለም ሁለት ጥቅል አብራችሁ ያዙ። የቁጥሩንም ወረቀት አትጣሉት፤ ክሩን በካርቶን ላይ ስትጠቀልሉ ቁጥሩን እዚያው ጫፉ ላይ ጻፉት።