ክርክር፦ በሐይቅና በአርድቦ ዳር የሚጣለው የተጎነጎነ የአሳ ማጥመጃ ክር ደማቅ ቀለም ብቻ ይሁን?

ሎጎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የቀረበውን ሐሳብ በአጭሩ ላስቀምጠው። ወሎ ውስጥ ሐይቅና አርድቦ በተባሉት ሁለት ሐይቆች ዳር በዘንግ አሳ የምናጠምድ ሰዎች ናይለን ትተን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች ወደ ተጎነጎነ ክር ስንገባ ከሩቅ የሚታይ ቀለም ብቻ እንድንጠቀም ነው ጥያቄው። የጫካ አረንጓዴ፣ ግራጫና ጥቁር ይቅሩ ማለት ነው። ጥያቄው የመጣው መረብ ከሚጥሉትና ታንኳ ከሚቀዝፉት ነው፤ የተወጠረውን ክር የሚያዩት ደረታቸው ላይ ሲደርስ ነውና። 0.15 ሚሊ ሜትር የሚሆን የተጎነጎነ ክር ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይሸከማል፤ ያንን የሚሸከም ናይለን ግን ውፍረቱ 0.30 አካባቢ ነው። እንዲህ የቀጠነና የማይለጠጥ ነገር እጅ ላይ ሲጠመጠም ሥጋ ይቆርጣል። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አምጡ።

ጦሳ፦ እኔ እደግፋለሁ፤ ቀለሙም ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው፣ ያልበሰለ ሎሚ የሚመስለው ይሁን። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ከሁሉ ቀለም አብልጦ የሚነቃው ለዚያ ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ አንጸባራቂ ተብሎ የሚሸጠው ቢጫ በዓይን የማይታየውንና ሰማያዊውን ብርሃን ይውጥና ቢጫ አድርጎ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ፣ ሰማዩ ሲዳምን፣ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ከአካባቢው ይልቅ ደምቆ ይታያል። ተራ ቢጫና አንጸባራቂ ቢጫ አንድ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ጥላ ወዳለበት ጥግ ይዛችሁ ግቡ፤ ተራው ይደበዝዛል፣ አንጸባራቂው ግን ራሱ መብራት የያዘ ይመስላል።

ደማቁ ለታንኳ ብቻም አይጠቅምም። ቆሮሶ የተባለው አሳ ሊጥ ወይም ትል ሲያነሳ ሁልጊዜ አይጎትትም። መንጠቆው ወደ ታች እየወረደ ሳለ አፉ ውስጥ ከትቶ ባለበት ይቆማል። ያን ጊዜ ዘንጉ ጫፍ ላይ ምንም አይሰማም፤ ክሩ ግን መውረዱን ሳይጨርስ ይላላል፣ ወይም አንድ ስንዝር ወደ ጎን ይሄዳል። ክሩ ውሃ የሚነካበትን ነጥብ የሚያይ ሰው ይህን ይይዛል፤ ክሩ የማይታየው ሰው ግን የሚስበው አሳው ከተፋው በኋላ ነው።

ቦርከና፦ አያ ጦሳ፣ ያልከው ለእኛ ዓይን ነው። የአሳውስ? ቆሮሶ ቀለም ይለያል። አምባዛ ቢሆን ምግቡን በሪዙና በማሽተት ስለሚፈልግ ብዙም አልከራከርም፤ ቆሮሶ ግን በጥልቁ ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ ብርሃን በሚገባበት ነው የሚውለው። በጋ ላይ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሁለት ሜትር ታች ያለ ድንጋይ በሚቆጠርበት ቦታ የሎሚ ቀለም ክር ፊቱ ላይ መዘርጋት አሳውን ማባረር ነው። የጫካ አረንጓዴው ቢያንስ ከደንገሉና ከውሃው ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ደኅንነት ከተባለ ሌላ መንገድ ይፈለግ፤ ገበያ ላይ ካለው ክር ግማሹን የሚከለክል ደንብ ግን አልቀበልም።

ጦሳ፦ አሳው ክሩን የሚያየው ከጎን ብቻ አይደለም። ከታች ወደ ላይ ሲያይ ጀርባው ሰማይ ነው፤ የተጎነጎነ ክር ደግሞ ብርሃን ስለማያሳልፍ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ጥቁር መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። ጥቁሩና የጫካ አረንጓዴው እንዲያውም ከነጩ ይልቅ ይጎላሉ። ወንድሜ ቦርከና፣ አረንጓዴው የሚደበቀው ከአንተ እንጂ ከአሳው አይደለም።

ሚሌ፦ ሁለታችሁም የተጎነጎነው ክር መንጠቆው ድረስ ይሄዳል ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። መሄድ የለበትም። መጨረሻው ላይ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን መሪ ክር ይታሰርበት፤ የቀለሙ ጥያቄ እዚያ ላይ ይቀልላል። ፍሎሮካርቦን ብርሃን የሚሰብርበት መጠን 1.42 ነው፣ የውሃ 1.33፣ የናይለን 1.5 አልፎ ይሄዳል፤ ለውሃ ስለሚቀርብ ይሰወራል። ዋጋው ከከበደ ጥርት ያለ ቀጭን ናይለን ይበቃል። ለቆሮሶ ውፍረቱ ከ0.20 እስከ 0.25፣ ለአምባዛ ከ0.45 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር የሆነ ያዙ።

ርዝመቱን ውሃው ይወስነዋል። ነጭ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን በክር አንጠልጥላችሁ፣ ፀሐይን በጀርባ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት ለኩና መሪ ክሩ ከዚያ እንዳያንስ አድርጉ። ሳህኑ በአንድ ሜትር ከጠፋ አንድ ሜትር፣ በሁለት ሜትር ከጠፋ ሁለት ሜትር ነው። ክረምት ላይ ከአርድቦ ሐይቅ የሚወርደው የአንከርካ ወንዝ ደለል ይዞ ወደ ሐይቅ በሚገባበት ዳር ሳህኑ ክንድ ሳይሞላ ይጠፋል፤ እዚያ ስለ ቀለም መጨነቅ ከንቱ ነው። ደግሞም የሐይቅ ውሃ እንደ ድሮው የጠራ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ ከገባበት ወዲህ ግልጽነቱ ቀንሷል።

ሰው የሚያማርረው ቋጠሮው ይፈታብኛል ብሎ ነው። የተጎነጎነ ክር ሙልጭልጭ ስለሆነ ለናይለን የለመድነው ቋጠሮ አይይዘውም። ሁለቱን ክሮች አንድ ስንዝር ያህል አደራርቡ። የተጎነጎነውን ጫፍ ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩና በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ ሁለቱንም ክር 8 ጊዜ ዙሩት፤ በናይለኑ በኩል 5 ይበቃል። በምራቅ አርጥቡ፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በፍትጊያ ይግልና ክሩን ያደክመዋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው ግማሽ አጥብቁ፣ ከዚያ ሁለቱን ረጃጅም ክሮች ስባችሁ አጋጥሙ፣ በመጨረሻ ጨርሳችሁ አጥብቁ። ከጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ይቅር። በጥርስ አትቁረጡት፣ ይተረተራል፤ ስለታም መቀስ ያዙ።

ኩታበር፦ መሪ ክሩን እቀበላለሁ፤ የደንቡን ጥቅም ግን እጠራጠራለሁ። ይህ ክር የሚሠራው ከፖሊኤትሊን ነው፤ ፖሊኤትሊን ደግሞ ቀለም አይጠጣም። ቀለሙ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነው። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለ ፀሐይ፣ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ እየተፋተገ፣ ዛሬ የሎሚ ቀለም የሆነው ነገ የደረቀ ገለባ መስሎ ይቀራል። የጫካ አረንጓዴውም እየነጣ ይሄዳል። ታዲያ ደንቡ የሚያየው ስትገዙ የነበረውን ቀለም ነው ወይስ ዛሬ ያለውን?

ለገዢዎች ግን የምመክረው አለኝ። አንድ ክንድ ያህል ክር አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ ያዙና ሦስት አራቴ ሳቡት። ጨርቁ ከተቀባ ቀለሙ ቶሎ ይሄዳል። ትንሽ ይለቅቃል፣ እሱ ያለ ነው፤ ጨርቁን ካቀለመው ግን ተዉት። ከደበዘዘ በኋላም አትጣሉት፣ ገልብጡት። ከማጠንጠኛው ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ባዶ ማጠንጠኛ ፍቱት፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ መልሱት፤ ታች ተጠቅልሎ ፀሐይ ያልነካው ወገን ላይ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ብቻ ካዟዟራችሁት የደበዘዘው ተመልሶ ከላይ ይሆናል።

ሎጎ፦ አያ ኩታበር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ደንቡ ዛሬ የሚታየውን ነው ማየት ያለበት። መለኪያውም ከሱቅ ወረቀት ይልቅ ዓይን ይሁን፤ ሌላ ሰው 20 እርምጃ ርቆ ቆሞ ክሩ ውሃ የሚገባበትን ማሳየት ከቻለ ያልፋል።

አርድቦ፦ ይህ መለኪያ ጥሩ ነው፤ ግን ከየት አቅጣጫ? የሎሚ ቀለም ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚለውን አልቀበልም። ጠዋት ከምዕራቡ ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚጥል ሰው ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት፤ ውሃው እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እዚያ ላይ ነጭና ቢጫ ክር ይጠፋሉ። ጎልቶ የሚታየው ብርቱካናማ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጥቁሩም ይታያል፣ ከብርሃኑ ፊት ጥላ ስለሚሆን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና አረፋ ሲበዛ ነጭ ከአረፋው ጋር ይመሳሰላል። ከደንገልና ከቄጠማ ፊት ለፊት ደግሞ የሎሚው ቀለም ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላል፤ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይለያል።

ሌላ ሳይረሳ፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ወንዶች ጥቂት አይደሉም። ለነሱ ከቅጠል ፊት ያለ ብርቱካናማ ብዙም አይጎላም፤ ቢጫ ይሻላቸዋል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ቀለም ስም ጠርቶ አያስገድድ። ማጠንጠኛ ሁለት ያለው አንዱን ብርቱካናማ፣ አንዱን የሎሚ ቀለም ይሙላ። አንድ ብቻ ያለው የሎሚውን ይያዝ፤ በብዙ ሰዓት የሚሠራው እሱ ነው።

ሐርቡ፦ ሌሊቱን ረሳችሁት። የአምባዛ ሰው የሚወጣው ሲመሽ ነው። በግንባር መብራት ነጩ ከሁሉ ይበልጣል፣ ቢጫው ይከተላል፤ ብርቱካናማ በቢጫ አምፖል ይደበዝዛል። ወይን ጠጅ ብርሃን የሚሰጠው የእጅ መብራት ካለ ደግሞ አንጸባራቂው ክር ፍም ይመስላል፤ ነጭ ግን ማንጸባረቂያ ካልተቀባ እንዲያ አይሆንም። መብራቱን ውሃው ላይ አታብሩት፤ ዘንጉን በጎን አድርጉና በክሩ ርዝመት አብሩ፣ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ውሃው ያለው ይበቃል።

ቦርከና፦ እሺ፣ እህቴ ሚሌ ያለችው መሪ ክር የአሳውን ጉዳይ ይፈታል፤ እዚያ ላይ ተረትቻለሁ። መሪ ክር የማይገዛ ሰውም የመጨረሻውን ሁለት ሜትር በማይለቅ ጥቁር ማርከር ቢያጠቁር ከምንም ይሻላል፤ የቀረው ደማቅ ሆኖ ይቆያል። የቀረኝ ቅሬታ ሌላ ነው። ደንቡ ቀለም ላይ አተኩሮ ዋናውን ጉዳት እንዳያልፈው። ፖሊኤትሊን አይበሰብስም፣ ከውሃ ይቀልላልና ይንሳፈፋል። የተቆረጠው ክር ነፋስ ወደ ደንገሉ ይነዳዋል፤ እዚያ ወፍ እግሩ ይታሰራል፣ ውሃ ሊጠጣ የወረደ ከብት ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። የሎሚ ቀለም ክር የተጣለ እንደሆነ ያው ክር ነው።

ጦሳ፦ ያው ክር ነው፤ ግን ይታያል፣ ስለዚህ ይለቀማል። የጫካ አረንጓዴውን ከደንገል ውስጥ ማን ያገኘዋል?

ቦርከና፦ የሚለቅም ካለ። ለዚህ ነው ሁለት ነገር ይጨመር የምለው። ዘንጉን ዳር ሰክቶ መሄድ ይከልከል፤ ታንኳ ሲመጣ ክሩን የሚያላላ ሰው ከሌለ ቀለሙ ብቻውን ማንንም አያድንም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ሊትር ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይያዝ፤ የተቆረጠች ክር ሁሉ እዚያ ትግባ፣ ክዳኑ ይዘጋ። ዳር ላይ ማቃጠል መፍትሔ አይደለም፤ ቀልጦ ጠብታ ሆኖ አሸዋው ላይ ይቀራል።

ሎጎ፦ ሁለቱንም ጨምሬያለሁ። የሚቃወም አለ?

ኩታበር፦ አልቃወምም፤ ነባር አረንጓዴ ክር ላለው ሰው ግን ጊዜ ይሰጠው። 150 ሜትር ክር ጣል ማለት ቀላል አይደለም። አረንጓዴውን ከታች እንደ መነሻ ይጠቅልለውና ከላይ 70 ወይም 80 ሜትር ደማቅ ክር ይቀጥልበት፤ ከዳር ከዚያ በላይ የሚወረውር የለም። በነገራችን ላይ የተጎነጎነ ክር ባዶ ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ አይታሰርም፤ አይጨብጥምና ሙሉው ጥቅል ይንሸራተታል። መጀመሪያ 0.30 ናይለን 10 ወይም 15 ዙር ይግባ። ሲጠቀለል ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ተይዞ ጠብቆ ይግባ፤ ልል ከሆነ የላዩ ከታቹ ውስጥ ገብቶ ይሰነቀርና ስትወረውሩ ይወታተባል።

ሚሌ፦ በኩታበር ላይ ልጨምር፣ የሚጠፋው ክር የሚበዛው ሲበጠስ ነው፤ የት እንደሚበጠስ ደግሞ እኛ ነን የምንወስነው። መሪ ክሩ ከተጎነጎነው የደከመ ይሁን። ለቆሮሶ የተጎነጎነው 8 ኪሎ ከያዘ መሪው 4 ኪሎ ይበቃል፤ መንጠቆው ድንጋይ ሲይዘው የሚበጠሰው ታች ነው፣ ደማቁ ክር ሙሉውን ይመለሳል። የማጠንጠኛውን ፍሬንም አንድ ኪሎ ስኳር ክሩ ጫፍ ላይ አንጠልጥላችሁ አስተካክሉ፤ ቀስ ብሎ መልቀቅ ሲጀምር ልክ ነው። የተያዘውን ክር ለመበጠስ መዳፍ ላይ አትጠምጥሙት። ክንድ የሚያህል እንጨት ላይ አምስት ስድስት ዙር ጠቅልሉ፣ ዘንጉን መሬት አስተኙ፣ ፊታችሁን አዙራችሁ እንጨቱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።